ማክሰኞ አራት፣ ቅዳሜ ሦስት

ማክሰኞ 4

ቁልፉ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ አንገት ላይ ነው። የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ከራሷ አንገት አውልቃ አጠለቀችልኝና "በይ እንግዲህ፣ የመድኃኒቱ ቁም ሳጥን ያንቺ ነው" አለች። አብረውኝ የሚሠሩት የክፍሌ ልጆች አጨበጨቡ። ቀጮ ከወደ ኋላ "አለቀልን በሉ!" ብሎ ጮኸና ሁሉም ተንከተከቱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ምን ስለሆነ ነው የሚያልቅላቸው?

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለዚሁ ነው። ነገ አንድ ነገር ጎደለ ቢባል የምለው እንዲኖረኝ። አባዬ ሃያ ሁለት ዓመት የመጋዘን ቁልፍ ይዞ ኖሮ፣ ሌላ ሰው ባጎደለው ዕቃ የተባረረው እሱ ነው። ቁልፉ በእሱ እጅ ነበራ! ፊርማው የእሱ ነበራ! የዚያን ቀን በር ከፍቶ ሲገባ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር አልረሳውም። እኔ ላይ አይደገምም።

ክሊኒክ እንላለን እንጂ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ያለ የድሮ ትኬት መቁረጫ ክፍል ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች ቁስል እናጥባለን፣ ግፊት እንለካለን፣ መድኃኒት እናድላለን። የሚሰለፉትም ትኬት ይሸጥበት በነበረው መስኮት ነው። ከመስኮቱ በላይ "ከዚህ ሳይርቁ ይቁጠሩ" የሚል ጽሑፍ እስካሁን አለ። ቀጮ "ለአንቺ የተጻፈ ነው" ይለኛል። ቀልዱ ነው መሰለኝ።

ዛሬ አረንጓዴ ሻርፕ የጠመጠመች ሴት መጣች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ባዶ የክኒን ብልቃጥ ይዛ ነው የመጣችው፣ የላዩ ወረቀት የተፋቀ።

"ስም?" አልኳት።

"ስሙ ይቅር። አንቺ ብቻ ክኒኑን ስጪኝ።"

"ስም ከሌለ ካርድ አይወጣም። ካርድ ከሌለ መድኃኒት የለም። ደንቡ ነው።"

በሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ሄደች። የክኒን ብልቃጥ ስም ፍቆ የሚዞር ሰው ምን ጤና አለው? ቀጮ ጓንቱን አውልቆ ተከትሏት ወጣ። ሲመለስ "ምን አለችህ?" አልኩት። "ምንም" አለኝ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ምንም!

ቅዳሜ 8

ጎድሏል።

ረጋ ብዬ ልጻፈው። መዝገባችን ላይ የሚጥል በሽታ ያለባቸው አምስት ሰዎች አሉ። በየማታው አንድ አንድ ፍሬ ይውጣሉ። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ሦስት ማታ ነው፤ ለአምስት ሰው አሥራ አምስት ፍሬ። ክኒኑ ካለበት ነጭ ብልቃጥ የወጣው ግን አሥራ ስምንት። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት።

ሌላ መድኃኒት ቢሆን ወደቀ፣ ተሰበረ እል ነበር። ይህ ክኒን ግን ያደነዝዛል፤ ለዚያ ብሎ የሚፈልገው ሰው ሞልቷል። በፊርማ የሚወጣ ነው። በእኔ ፊርማ።

ማክሰኞ 11

ዛሬም። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ አራት ማታ ነው፤ ለአምስት ሰው ሃያ መሆን አለበት። ሃያ አራት ወጥቷል። ያቺ አረንጓዴ ሻርፕም ዛሬ ጋራዡ አካባቢ ስትዞር አየኋት።

ማን ሊሆን ይችላል?

ጥበቃው አባባ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር። በጠራራ ፀሐይ! ያን ያህል እንቅልፍ ከየት መጣ? ግን እሳቸው ቁም ሳጥኑ ጋ አይደርሱም።

ሲስተር መዝገቡን ስሰጣት ሳታይ ነው የምትፈርመው። ሠላሳ ዓመት የሠራች ነርስ ሳታይ ትፈርማለች? ወይ ታምነኛለች፣ ወይ ማየት አትፈልግም።

ቀጮ። ክኒኑን ፖስታ ውስጥ የሚያሽገው ቀጮ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አጠገቤ እየተቀመጠ ነው የተማረው፤ የጋውኑ አንገትጌ ሁልጊዜ በአንድ በኩል እንደተጣጠፈ ነው፣ አንድ ቀን ላስተካክልልህ ብዬው አላውቅም። ሰው አጠገብህ አራት ዓመት ተቀምጦ ልታውቀው አትችልም።

ቅዳሜ 15

ሦስት። እንደ ጠበቅኩት።

ቸኩያለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዛሬ ከሕመምተኛ ሌላ አንድ ሰው መጣ። ንጹሕ ኮት፣ የተወለወለ ጫማ። ገና ሳልጠይቀው ስሙን እስከ አያቱ ነገረኝ። ሚስቱ ጠፍታበት ነው የመጣው። በሽታ አለባት፣ ራሷን አታውቅም፣ መድረሻዋን አጥቻለሁ ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መዝገባችን ላይ በሰጠኝ ስም የተመዘገበ የለም። አንጀቴን ስለበላው፣ መልኳንም ሲነግረኝ ያቺ ስም የከለከለችኝ ስለመሰለችኝ ግን፣ አረንጓዴ ሻርፕ ያላት አንዲት ሴት ማክሰኞ ማክሰኞ ከዚህ አካባቢ እንደማትጠፋ ነገርኩት። ቢያንስ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው አለ።

እሑድ 16

ትናንት የሰማሁትን ልጻፍ። ፋሻ ላመጣ ወደ ጓሮው ክፍል ስሄድ ሲስተርና ቀጮ በሹክሹክታ ያወራሉ። ሲስተር "እሷ ፊት እንዳታደርገው" ትለዋለች። እሱ "መርማሪዋ ጓንት ስትቆጥር ነው የማደርገው" ይላታል። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

መርማሪዋ! እንዲህ ነው የሚሉኝ ለካ።

ስገባ ፀጥ አሉ። ሲስተር "ሻይ ትጠጫለሽ?" አለችኝ። አልጠጣም አልኩ። ምን እንደሚጨመርበት ማን ያውቃል? አይ፣ ይህን ማለቴ ልክ አይደለም። ሲስተር እናቴ ስትሞት ሦስት ሌሊት ቤታችን ያደረች ሴት ናት። ግን እሷም ሳቀች እኮ! እንቅልፌን አጣሁ። ከሁሉ የቆጠቆጠኝ መጎደሉ ይሁን መሳቃቸው እኔም አልለየሁትም።

ማክሰኞ 18

በዓይኔ አየሁት!

ሥራ ሲያልቅ ቁም ሳጥኑን ቆለፍኩና እንደሄድኩ መስዬ ጋራዡ ጥግ ቆምኩ። ቀጮ ወጣ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ አሮጌ አውቶቡሶቹ ወደ ቆሙበት ሄደ። ያቺ አረንጓዴ ሻርፕ እዚያ ነበረች። ከኪሱ ትንሽ ፖስታ አውጥቶ ሰጣት። የእኛ ፖስታ! ከዚያ የያዘውን ዳቦ ለሁለት ገምሶ አብረው የአውቶቡስ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሳቀች። ስትስቅ ታምራለች።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ለእሷ ነው። ስሟን ደብቃ ክኒን የምትቀበል። ትሸጠዋለች? አብረው ይሸጣሉ? ወይስ ሌላ ነገር? ምን አገባኝ! የእኔ ጉዳይ ክኒኑ ነው። ሌላው አያገባኝም። ዳቦውን ሲገምስ ትልቁን ነው የሰጣት።

ጥበቃው አባባ ከኋላዬ መጥተው "ልጄ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?" ሲሉኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አብረው እየጠበቁላቸው ይሆን?

ሐሙስ 20

ነገ ፈተና ስለሆነ አጭር ነው። ስለሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ስሸመድድ ዋልኩ። በቀይ ያሰመርኩበት፦ "ይህ ክኒን በድንገት መቋረጥ የለበትም። በድንገት ካቋረጠ ሕመምተኛው ተከታታይና ለሕይወት የሚያሰጋ መጣል ሊገጥመው ይችላል።" ይህ ጥያቄ በየዓመቱ አይቀርም። እንኳን ቀድሜ አነበብኩት።

ቅዳሜ 22

ሦስት። ማክሰኞ አራት፣ ቅዳሜ ሦስት፣ ማክሰኞ አራት፣ ቅዳሜ ሦስት። አንድ ቀን እንኳ አላዛነፈም። የሌባ ሥርዓተኛ አይቼ አላውቅም ነበር!

ደብዳቤውን ጻፍኩ። አራት ጊዜ ቀደድኩት። አምስተኛውን ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ከአራት ዓመት በኋላ የቀጮን ሙሉ ስም ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ 24

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሰጠሁ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና "ይህ ከተረጋገጠ ልጁ ከትምህርቱ ይባረራል፤ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። "አንቺ ግን ግዴታሽን ነው የተወጣሽው" አሉኝ። ከክፍሉ ስወጣ ይህንኑ ለራሴ ደጋገምኩት። ግዴታዬን ነው። ግዴታዬን ነው።

ማክሰኞ 25

ነጩ ብልቃጥ ተወሰደ። ከእንግዲህ ክኒኑ ከትምህርት ቤቱ ፋርማሲ በአምስቱ ሰዎች ስም ታሽጎ ነው የሚመጣው። ቀጮ የዛሬ ሳምንት ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። እስከዚያ ክሊኒኩ እንዳይገባ ተብሏል።

በሩ ላይ ጠበቀኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም።

"ትርፍ የለም? አንድም?" አለኝ።

"ምን አስጨነቀህ?"

"ስሚኝ፣ አንዲት ነገር ላስረዳሽ…"

"ለኮሚቴው አስረዳ" ብዬ አለፍኩት። ኮራሁ። ደረጃውን እስክወርድ ድረስ ኮራሁ።

ሲስተር ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ዛሬ ሻይ ትጠጫለሽ ያለኝ የለም።

ሐሙስ 27

አባዬ ደብተሬን አየው። ሰርቆ አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ኩሽና ስገባ ገጹ ተከፍቶ ነበር። ስመለስ መነጽሩን አድርጎ ቁጥሮቹ ላይ ጣቱን አሳርፏል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የተሰረቀ መድኃኒት ነው አባዬ። አንተ ላይ የደረሰው እንዳይደርስብኝ ነው የምጽፈው።"

እንደገና አየው። የመጋዘን ሰው ቁጥር ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

"ማነው ሌባ ያለሽ?"

"ምነው?"

"ሌባማ ያገኘውን ነው የሚያፍሰው። አንድ ቀን አምስት፣ አንድ ቀን ሠላሳ፣ ሲፈራ ደግሞ ምንም። ይሄ አራት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት። አንድ ሰው ለአራት ቀን አራት፣ ለሦስት ቀን ሦስት።" ደብተሩን ወደ እኔ ገፋው። "ይሄ ቀለብ ነው ልጄ። የሆነ ሰው ቀለቡን ነው የሚቀበለው።"

መዝገቡ ላይ አምስት ሰዎች። ስድስተኛ ሰው ነበረች።

ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጥኩ። ባዶው ብልቃጥ። ወረቀቱ የተፋቀው። ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ፣ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ያልጻፍኩት። አይቼው ነበር። ወድቃ የተፈነከተች ሰው ጠባሳ መሆኑን ማንም አራተኛ ዓመት ተማሪ ያውቃል፤ እኔ ግን ስም ነበር የምፈልገው።

በጣቴ ቆጠርኩ። ቅዳሜ የተሰጣት ለቅዳሜ፣ ለእሑድና ለሰኞ ነው። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ የለም። ዛሬ ሦስተኛ ማታዋ ነው። በቀይ አስምሬበታለሁ እኮ! ፈተናው ላይም በትክክል መልሼዋለሁ!

ለቀጮ ደወልኩ። አያነሳም። አባዬ ጫማዬን ሳደርግ አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ኮቱን አነሳ። ጋራዡ ጋ ሄድን፤ አሮጌዎቹ አውቶቡሶች ባዶ ናቸው።

ዓርብ 28

ክፍል አልገባሁም። ጠዋት ሲስተር ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍታ አየችኝና "አወቅሽ?" ብቻ አለች።

ለሦስት ቀን እሷና ቀጮ ሲፈልጓት ነበር። ገዝተው እንዳይሰጧት ስም ያለበት ማዘዣ ካልተያዘ አይሸጥም፤ የሌላ ሰው ድርሻ እንዳይቀንሱ ያም ይወድቃል። ስሟን የምትደብቀው ከባሏ ነው። እጇን ሁለት ጊዜ ሰብሯታል። በየክሊኒኩና በየሆስፒታሉ ስሟን እየጠራ ይዞራል፤ ከአንዴም ሁለቴ በካርዷ አግኝቷታል።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኩ። ጮኼ መሆን አለበት።

"አንቺን? ስም ትጽፊያለሽ ብለን ፈራን" አለች። ብትጮህብኝ በተሻለኝ፤ ይህ ገደለኝ።

ከዚያ እንዲህ አለች፦ "አሁን ደግሞ አውቶቡሶቹ ጋም የለችም። ማክሰኞ አንድ ኮት የለበሰ ሰው እዚያ ሲጠይቅ ዋለ አሉ። እሱ ነው። ማን እንደጠቆመው እንጃ።"

ሙሉ ቀን አብሬያት እየፈለግሁ እኔ ነኝ አላልኳትም።

ቅዳሜ 29

ክሊኒኩ ሊከፈት ሲል ጥበቃው አባባ እየሮጡ መጡ። እሳቸው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። አውቶቡስ የሚታጠብበት ቦታ ወድቃለች።

ቀጮ ከእኔ በፊት ደርሶ ነበር፤ እንዳይገባ የተከለከለው ክሊኒኩን እንጂ ጋራዡን አይደለም። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ በጎኗ አስተኝቷታል፣ ጋውኑን አጣጥፎ ከራሷ ሥር አድርጓል። ትንቀጠቀጣለች። ለቀቅ ያደርጋትና ሳትነቃ እንደገና ይጀምራታል። እኔ ሰዓት ያዝኩ። ሌላ የማውቀው ነገር ጠፋኝ። አንድ ሾፌር ባዶ አውቶቡሱን አስነስቶ "ጫኗት!" አለ፤ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ሆስፒታል ደረስን።

ካርድ ክፍሉም መስኮት አለው። ከውስጥ ያለችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል "ስም?" አለች።

ሲስተር ቀጮን አየችው። ቀጮ መሬቱን አየ።

"ስም ከሌለ ካርድ አይወጣም" አለች ልጅቷ። ድምፅዋ የእኔ ድምፅ ነበር። ልክ የእኔ።

ስሜን ነገርኳት። የራሴን፣ ከነአባቴ። ዕድሜ? የእኔን። አድራሻ? የአባዬን ቤት። ተጠሪ? አባዬን። ጻፈችው፣ ማህተም መታችበት፣ አልጋው ተገፍቶ ገባ። ቀጮ ለረጅም ጊዜ አየኝ። መልሶ የለበሰው ጋውን አንገትጌው እንደተጣጠፈ ነበር፣ በጭቃ ተለውሶ። እጄን ዘርግቼ አስተካከልኩለት። አልከለከለኝም።

እሑድ 30

አልነቃችም። መጣሉ ግን ቆሟል።

ለአባዬ ነገርኩት፤ ተጠሪ አንተ ነህ፣ የምትፈርመው ነገር ሊመጣ ይችላል አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን "በስሜ ከተጻፈብኝ ሁሉ ይሄኛው ይሻላል" አለ። ከዚያ የት ክፍል እንደተኛች ጠየቀኝ።

ማክሰኞ 2

ነቃች! ሌሊት ነው የነቃችው፤ ውኃ ጠይቃለች።

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ያጎደለው ደንቡ ነው፣ ደንቡን የያዝኩት እኔ ነኝ አልኩ። ክኒኑ ለማን እንደሄደ፣ ከደብዳቤዬ በኋላ ምን እንደደረሰባት፣ ሁሉንም ተናገርኩ። በሆስፒታል ካርዱ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። ስለ ባለኮቱ ሰውዬም አልጠየቁኝም። ባይጠይቁኝም መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ቀጮ አልተባረረም። ለአንድ ዓመት ክሊኒኩ እንዳይሠራ ታገደ። ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ሲያልፍ "በየማታው አንድ ፍሬ ነው፤ እንዳትረሺ" አለኝ። ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ያናገረኝ ይህን ብቻ ነው።

ቁልፉን ለሲስተር መለስኩ።

ሐሙስ 4

አመሻሽ ላይ፣ በጠያቂ ሰዓት፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ አየሁት። ያው ኮት፣ ያው የተወለወለ ጫማ። የሚስቱን ሙሉ ስም እየደጋገመ ይጠይቃል። ልጅቷ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችና "በዚህ ስም የተኛ የለም ጌታዬ" አለችው።

ዞር ሲል አየኝ። ፈገግ አለ።

"አንቺ የዚያ ክሊኒክ ልጅ አይደለሽም? እግዜር ይስጥሽ፣ ያን ጊዜ ባትነግሪኝ ጭራሽ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ አየሻት?"

"የት አየኋት! ወደ ሌላ ከተማ ሄደች ሲሉ ሰማሁ" አልኩት። "በአውቶቡስ።"

አመሰገነኝ። ጨብጦኝ ሄደ። በሩን እስኪወጣ ቆሜ አየሁትና እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ሁለት ጊዜ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ትራሱን ተደግፋ ተቀምጣለች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ነኝ የጠቆምኩብሽ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ያን ጊዜ ነርሷ የማታውን መድኃኒት ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለችና ስሜን ጠራች።

ሁለታችንም እኩል "አቤት" አልን።